አፍህን ሳይሆን ካርታህን ዘርጋ

ፖከር ላይ መዋሸት ይፈቀዳል። እንዲያውም ያለ ውሸት ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም። ባዶ እጅ ይዘህ ኃይለኛ ካርታ ያለህ መስለህ ታስይዛለህ፣ ሰው ፈርቶ ይወጣል፣ መደቡን ትሰበስባለህ፤ ማንም አይቀየምህም። ብላፍ የሚባለው ይኸው ነው። ፈቃዱ ግን መጨረሻ አለው። የመጨረሻው ገንዘብ ተከፍሎ "በል ግለጥ" ሲባል ያበቃል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሌለህን ካርታ አለኝ ማለት ብላፍ አይደለም። ስርቆት ነው።

ይህን የማያውቅ ተጫዋች አላጋጠመኝም። ችግሩ ያለማወቅ አይደለም። ችግሩ እያወቅን ማለፋችን ነው፤ የምናልፈውም ጨዋ ለመባል ነው።

እስቲ አንድ ዙር እንጫወት። ቦታው ማታር ይሁን፤ ኑዌር ዞን፣ የዋንቱዋ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ። ክረምት ነው። መንገዱ ጭቃ ውጦታል፣ የትም አይኬድም፣ ምሽቱ ረጅም ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ አንድ መምህር፣ አንድ ነርስና ሁለት የከተማው ልጆች አሉ። ብርሃኑ የሞባይል ባትሪ ነው። በቺፕስ ፋንታ የቢራ ቆርኪ ተደርድሯል፤ አንዱ ቆርኪ 10 ብር። መሬት ላይ የተገለጡት አምስቱ ካርታዎች የልብ ንግሥት፣ የልብ 9፣ የልብ 5፣ ጥቁር 3 እና ጥቁር ንጉሥ ናቸው። ከከተማው ልጆች አንዱ በእጁ ሁለት 9 ይዟል፤ ከመሬቱ ጋር ሦስት ዘጠኝ ሆኑለት። መምህሩ የልብ አስና አንድ ቀይ 7 ይዟል። የመጨረሻውን ብር አስያዘ፣ ልጁም ከፈለ። መምህሩ ወዲያው "ፍላሽ!" ብሎ ጮኸ። ልጁ ምላሱን መጠጠ፣ ሁለቱን 9 ገልብጦ ከተጣሉት ካርታዎች ጋር ቀላቀላቸው። ቆርኪው ወደ መምህሩ ተጠረገ። ካርታው ሊበወዝ ሲሰበሰብ ያ ቀይ 7 ልብ ሳይሆን ዳይመንድ ሆኖ ተገኘ። አራት ልብ ፍላሽ አይሆንም። መምህሩ ከአንድ አስ በቀር ምንም አልነበረውም።

አሁን ገንዘቡ የማን ነው?

በአብዛኛው ጠረጴዛ ላይ የሚሰጠው መልስ ሁለት ነው። አንደኛው "ሳላየው ነው" ይላል። ይሁን፣ አምነንሃል፤ በሞባይል ባትሪ ልብና ዳይመንድ ይመሳሰላሉ። ግን ሳላየው ሲኒህን ብሰብረው ሲኒ እገዛልሃለሁ እንጂ "ሳላየው ነው" ብዬ ቡናዬን መጠጣቴን አልቀጥልም። አለማየትህ ከሌብነት ስም ያድንህ ይሆናል፤ የሰውን ገንዘብ ግን የአንተ አያደርገውም።

ሁለተኛው መልስ ይብሳል፤ "እሱ ራሱ ነው የጣለው፣ ማን ጣል አለው?" አንተ ነህ ጣል ያልከው! "ፍላሽ" ብለህ የጮኽከው ለማን ነው? ለግድግዳው? እንዲሰማህና እንዲያምንህ ነው የተናገርከው። አምኖህ ሲሸነፍ "ማን እመን አለው" ካልክ፣ ጥፋቱን ካመነህ ሰው ላይ ጫንከው ማለት ነው።

ትንሽ ሕግ ያነበቡት ደግሞ ሦስተኛ መልስ አላቸው፤ "ካርታ ነው የሚናገረው" ይሉሃል። ልክ ነው፣ ይህ ሕግ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፖከር ውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ፣ አሸናፊውን የሚለየው የተዘረጋው ካርታ እንጂ ከአፍ የወጣው ቃል አይደለም ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ፍላሽ እያለው "ሁለት ጥንድ" ብሎ የተሳሳተውን ሰው ያድነዋል። ግን ሕጉን እስከ መጨረሻው አንብቡት እንጂ! ያው ደንብ ሆን ብሎ እጁን በሐሰት የጠራ ሊቀጣ እንደሚችል ይጨምራል። ቦብ ቺያፎኔ ያሰናዳውና ብዙ የካርታ ቤቶች የሚጠቀሙበት የሮበርት የፖከር ሕግ ደግሞ የበለጠ ይጠነክራል፤ ሌላው የተሻለ ካርታውን እንዲጥል ብሎ የዋሸ መደቡን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል።

ደግሞም ካርታ የሚናገረው ሲዘረጋ ነው። ተገልብጦ የተጣለ ካርታ አፍ የለውም። የልጁ ሁለት 9 ከክምሩ ውስጥ ሆነው "እኛ ነን ያሸነፍነው" ሊሉ አይችሉም። በቃል ካርታ እያስጣልክ "ካርታ ይናገራል" ማለት ምስክሩን አፍኖ "ይመስክራ!" እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ልጁ ለምን አላየም? ለምን "ቆይ አሳየኝ" አላለም? ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። እኛ ጋ "አሳየኝ" ስድብ ነው። ፊት ይጠቁራል፤ "አታምነኝም እንዴ?" ይመጣል። ከዚያ "ኧረ ተወው፣ ለቆርኪ ብለህ ነው?" የሚል አስታራቂ ይነሳል። የጠየቀው ሰው ያፍራል፣ ያልዘረጋው ሰው ይከበራል። ይሉኝታ ለአጭበርባሪ ዘበኛ ሆኖ የሚቆመው እንዲህ ነው። ነገሩ ግን ቀላል ነበር፤ የመጨረሻውን ብር የከፈልኩት እኮ ለማየት ነው! የውድድር ደንቡም የመጨረሻውን ማስያዣ ከፍሎ ካርታውን ያልጣለ ሰው፣ ያስያዘውን ሰው እጅ የማየት የማይነጠቅ መብት አለው ይላል። ሻጭን "የከፈልኩበትን ዕቃ ስጠኝ" ማለት አለማመን ነው?

ይህ የፈረንጅ ካዚኖ ሥርዓት ነው የሚለኝም አይጠፋም። ቃልን ማስያዝ ግን ለኛ አዲስ አይደለም። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪ ዝም ብሎ አይናገርም ነበር፤ ለሚናገረው ቃል ውርርድ ያስይዝ ነበር፤ ማር፣ ፈረስ፣ በቅሎ። የተረታ ይከፍላል። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ብለው የተረቱ ሰዎች ልጆች ነን እኮ! ልጅህን ከቃልህ በታች ያስቀመጠ አገር ውስጥ ተወልደህ፣ ለጠራኸው ፍላሽ 50 ብር መክፈል እንዴት ይከብድሃል?

ማታርን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የማታር ቤትና መንገድ ግን ኑዌርኛ ይናገራል። የፖከሩ ቃላት ደግሞ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። እጅ በአፍ በሚጠራበት ጠረጴዛ ላይ የሚያሸንፈው ካርታ የያዘው ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ የሚነገረው ቋንቋ የሚቀልለው ነው። መምህሩ ቶሎ ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ ሰው ያስቃል። ልጁ በሁለተኛ ቋንቋው "ይቅርታ፣ ያ 7 ልብ ነው?" ለማለት ቃል እስኪመርጥ ቆርኪው ተጠርጎ አልቋል። ካርታ ግን አክሰንት የለውም። የተዘረጋ 9 በየትኛውም ቋንቋ 9 ነው። እጅ መዘርጋት እንግዳውንና የአገሩን ልጅ፣ ፈጣኑንና ዝምተኛውን እኩል ያደርጋል። አዲስ አበባም ያው ነው፤ እዚያ አፍ የሚበዛበት አዲስ ገቢው፣ ትንሹ ወንድም፣ ወይም ከወንዶች መሀል ብቻዋን የተቀመጠችው ልጅ ናት።

"ለመዝናናት ነው፣ አታካብድ" ለምትሉኝም፦ እኔም ስለ መዝናናቱ ነው የምናገረው። ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድል ሠራተኛ፣ ካሜራና ዳኛ አለ። እኛ ዘንድ ዳኛው እርስ በርስ ያለን እምነት ብቻ ነው። ክረምቱን ሙሉ አብሮህ ከሚያመሽ አራት ሰው አንዱ ሁለተኛ ባይመጣ፣ የጠፋው 10 ብር አይደለም። ጨዋታው ራሱ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጨዋታ ሳይጀመር እነዚህን ተስማሙ።

መጀመሪያ ዘርጋ፣ ከዚያ ተናገር። ሁለቱንም ካርታ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገህ። አንዱን አሳይቶ ሌላውን መያዝ አይሠራም።

የሌላውን ሁለት ካርታ በዓይንህ ሳታይ የራስህን አትጣል። ማንም ምንም ቢል።

ቀድሞ የሚገልጠው መጨረሻ ላይ ያስያዘው ነው፤ በመጨረሻው ዙር ማንም ካላስያዘ ተራው ቀዳሚ የሆነው ይገልጣል። እንደምታሸንፍ እያወቅህ ካርታህን ደብቀህ ሰውን በተስፋ ማቆየትም ሙድ መያዝ ነው፤ ተወው።

ተዘርግቶ ሳለ ስህተት ያየ ሁሉ ይናገር፣ ያልተጫወተውም ጭምር። የሮበርት ሕግ ይህን የሞራል ግዴታ ይለዋል። ከመገለጡ በፊት ዝምታ ጨዋነት ነው፤ ከተገለጠ በኋላ ዝምታ ተባባሪነት ነው።

የሌለውን እጅ ጠርቶ ሌላውን ካርታ ያስጣለ መደቡን ላስጣለው ሰው ይመልስ። ሆን ብሎም ይሁን ሳያይ። ይህኛው ከካዚኖው ሕግ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ካዚኖ ግን ነገ ጠዋት አብሮህ ቁርስ አይበላም።

"አሳየኝ" ሲሉህ ደግሞ ፊትህን አታጥቁር። እውነት ፍላሽ ካለህ መዘርጋቱ ምንህን ይነካል? ከሌለህ ደግሞ መጠየቁ ልክ ነበር።