ዳገት የሚወጣ ውሃ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ከኪራዩ ቀጥሎ የሚጠይቀውን ታውቃላችሁ፤ «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ነው። መልሱ «ሁለት ቀን፣ ግን ሮቶ አለን» ከሆነ ወሬው ይቀጥላል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማስታወቂያ ሳነብ ሰው ምን እንደሚያሰጋው እፈልጋለሁ፤ በኪራይ ማስታወቂያ ላይ ሮቶ ከሴራሚኩ ቀድሞ የሚጻፈውም በምክንያት ነው።

ስለ ውሃ እጥረት ስናወራ ሁላችንም የምንለው ሌላ ግድብ፣ ሌላ ጉድጓድ፣ ወፈር ያለ ቧንቧ ይምጣ ነው። ልክ ነን፤ ከተማው አድጓል። ግን ቧንቧው ከየት ተነስቶ፣ በምን ኃይል እንደሚመጣ ብዙም አንጠይቅም። ሐረር ይህን ጥያቄ በግድ ተምራዋለች።

ሐረር ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁን የሚፈልገው ግን ብዙ ነው፤ ለጫቱና ለአትክልቱ ፓምፕ የተከለ ገበሬ አለ፣ በዙሪያው ያሉ ከተሞች አሉ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ። ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ደግሞ ሐይቁን ከሥር ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ጀልባ ይቀዝፍበት የነበረው ቦታ የከብት መሰማሪያ ሆነ፤ በሐረር ቤቶች ደግሞ ጀሪካንና ቦቴ የኑሮ አካል ሆኑ።

መፍትሔው የተገኘው ከታች ነው፤ ድሬዳዋ አካባቢ ካለው የከርሰ ምድር ውሃ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ መንገድ የሄዳችሁ ደንገጎን ታስታውሳላችሁ፤ አውቶቡስ እያቃሰተ የሚወጣውን ዳገት ውሃውም ይወጣዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከደረሰ በኋላ ነው ወደ ሐረር የሚያቀናው። መስመሩ የሚያልፍባቸው እንደ ደንገጎ፣ ሐረማያና አወዳይ ያሉ ከተሞችም እንዲጠጡ ታስቧል፤ ይህን እወደዋለሁ። በደጃፉ የሚያልፍ ቧንቧ እያየ በጀሪካን የሚቀዳ ሰው ለቧንቧው ደኅንነት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የ1,000 ሊትር ሮቶ ሙሉ ውሃ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይፈልጋል። በፓምፑና በቧንቧው የሚባክነው ሲጨመር 4 ይጠጋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ያህል እንጀራ እንደ መጋገር ነው፤ ለአንድ ሮቶ ብቻ። ስለዚህ ታች ያለው ፓምፕ መብራት ሲያጣ ላይ ያለው ቤት ውሃ ያጣል። መብራት የሚሄድበትን ቀን ሳይቆጥሩ የተዘረጋ ትልቅ ቧንቧ ትልቅ ባዶ ቧንቧ ሊሆን ይችላል።

ይህ የሐረር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት። አዲስ አበባም በዚያው አቅጣጫ እየሄደች ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላሉ ከእነሱ የሚመጣው ውሃ ብዙውን መንገድ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ግን የከተማዋ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ውሃቸው ወደ መሐል ከተማ የሚደርሰው ተገፍቶ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ድርሻ በጨመረ ቁጥር ከመብራት ጋር ያለን ዝምድናም ይጠብቃል። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ የሚባሉት ግድቦች ደግሞ ሦስቱም ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። እዚያ ያለው ገበሬ ተዳፋቱን እንዲጠብቅልን ከፈለግን የሐረማያ ደለል ሊያሳስበን ይገባል። እርከንና ችግኝ ከውሃ ማጣሪያ ጣቢያው እኩል በጀት ውስጥ መግባት ያለባቸው ይመስለኛል።

የውሃ ታሪፍ ይጨመር ሲባል ቤት ውስጥ ማጉረምረም የተለመደ ነው። እኔ ግን ገንዘቡ ለመጠባበቂያ ጄኔሬተር፣ ለፓምፕ መለዋወጫና ለሚያፈስ ቧንቧ ጥገና እንደሚውል በግልጽ ከተነገረኝ እከፍላለሁ። ከቦቴ የምንገዛው ውሃ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ጀሪካን የሚያሸክመንን ልጅ ሳንቆጥር።

ሐረማያ ሐይቅ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ መያዝ ጀምሯል። በዙሪያው ያለው ማሳ ግን አሁንም ውሃ ይፈልጋል።