አርቴሚሲያ ሻይ ወባን ያድናል?



ሰሞኑን ዶሮ ማነቂያ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ እናት ደወሉልኝ። ሹፌር ልጃቸው ከጋምቤላ ከተመለሰ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ያተኩሰዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል። መጀመሪያ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጠው፤ ቀጥሎ አርቴሚሲያ እየተፈላለት ይጠጣ ጀመር። «ደሙን ተመረመረ?» ስላቸው «ልጄ፣ ቻይኖቹ ኖቤል የተሸለሙበት ቅጠል እኮ ነው!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ግን የሰሙት የታሪኩን ግማሽ ነው።

ቅጠሉ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለትኩሳት ሲያገለግል የኖረ ነው። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው ለወባ ሲሞክሩት ግን ውጤቱ አንዴ ጥሩ፣ አንዴ መጥፎ ሆነባቸው። ፍንጩን ያገኙት ከ1,600 ዓመት በፊት ከተጻፈ የሐኪም መጽሐፍ ነው፦ መጽሐፉ ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ ነው የሚያዘው፤ አፍሉት አይልም። ለካ ሙቀቱ ነው የሚጎዳው! እ.ኤ.አ. በ1971 በኤተር፣ በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት፤ በአይጥና በዝንጀሮ ሞከሩት፤ ከዚያ ራሳቸው ዋጡት፤ በመጨረሻ ለታማሚ ሰጡት። የ2015ቱ ኖቤል የተሰጠው ለዚህ ልፋት እንጂ ለሻዩ አይደለም።

እኛ ደግሞ እነሱን ያልሠራላቸውን ማፍላት ይዘን ቁጭ ብለናል።

አርቴሚሲኒን በውሃ በደንብ አይሟሟም፤ መጠኑም ከቅጠል ቅጠል ይለያያል። አንድ ስኒ ውስጥ ስንት እንዳለ እኔም አላውቅ፣ ሻጩም አያውቅ። ትንሽ መጠን ትኩሳቱን አብርዶ ተውሳኩን ደም ውስጥ ሊተወው ይችላል፤ ተውሳኩም መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ የማይመክረው ለዚህ ነው።

ከዚያው ቅጠል የተገኘው ኮአርተም ግን መጠኑ የታወቀ ነው፦ 3 ቀን፣ 6 ጊዜ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። እሱም ቢሆን ምርመራ ይቀድመዋል፤ አገራችን ውስጥ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም ስላለ ሕክምናቸው ይለያያል።

የባህል መድኃኒት ጠላት አይደለሁም። የእኛዎቹ አሪቲና ጭቁኝ የዚችው ቅጠል ዘመዶች ናቸው። እኔ የምለው፣ እነሱም እንደ ቻይናዋ ይፈተኑ፣ ይመዘኑ ነው። ቅጠልን ማክበር ማለት ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ ትዝ አይለንም። ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በአሥር ወር ውስጥ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ከሆነ፣ ካቃዠው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም የበላውን ሁሉ ካስመለሰው ሰዓትም አይባክን።

የጎረቤታችን ልጅ ያን ማታ ተመርምሮ ፋልሲፓረም ተገኘበት። ሁለት ቀን ተኝቶ ወጣ፣ አሁን ደህና ነው። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ይህን ጽሑፍ እንዲህ ባልጨረስኩት።

ቆላ ደርሶ ለሚመለስ ወዳጅዎ ሼር ያድርጉለት። ጤናዎ ይብዛ!