የአስም ዘረመላዊ አመልካቾች፦ ከመዋስ በፊት መፈተሽ

እ.ኤ.አ. በ2007 በክሮሞሶም 17 ላይ የሚገኙ የዘረመል ልዩነቶች ከልጅነት አስም ጋር እንደሚዛመዱ ከታወቀ ወዲህ፣ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቱቦ ብግነትን በዘረመል ምርመራ አስቀድሞ የመለየት ተስፋ ጎልቷል። ተስፋው ተገቢ ነው፤ ጥድፊያው ግን አይደለም።

ያ ግኝት የተመሠረተው በአውሮፓ ሕፃናት ላይ ነበር። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ግን ዝምድናው ደከም ብሎ ታይቷል። አመልካቹ ብዙውን ጊዜ የበሽታው መንሥኤ ሳይሆን የመንሥኤው ጎረቤት ነው፤ ጉርብትናውም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል።

በኢትዮጵያ ሌላም ጥያቄ ይነሣል። ለአለርጂያዊ አስም መለያነት የሚያገለግሉት ኢዮሲኖፊልና አይጂኢ የአንጀት ትላትል ባለበት ሰው ደምም ከፍ ይላሉ። የማገዶ ጭስ ደግሞ ያለ አስም ሳንባን ይጎዳል። ሕመምተኛው በስፓይሮሜትሪ ካልተለየ፣ የትላትል ምርመራውና የጭስ ተጋላጭነቱም ካልተመዘገበ፣ የዘረመል ንባቡ የቱን ያህል ቢረቅቅ የሚያወዳድረው የተቀላቀሉ በሽታዎችን ነው።

ይህ ማለት ጥናቱ ይቆይ ማለት አይደለም። በአፍሪካ ሕዝቦች ዘረመል ውስጥ ጉርብትናው አጭር በመሆኑ፣ እውነተኛውን መንሥኤ ከአጃቢዎቹ ነጥሎ ለማውጣት አመቺ ነው። ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪ የሚበጀው፣ በሌላ አገር የተዘጋጀ የአመልካቾች ዝርዝር ከመዋስ ይልቅ ሕመማቸው በጥንቃቄ የተለየ ሰዎችን መዝግቦ ለዓመታት መከታተል ነው። ያለዚያ የተሳሳተው አመልካች ዋጋ የሚከፈለው በሕመምተኛው ትንፋሽ ይሆናል።