ቃሉ ከቅጠሉ ሲሻገር

ከወልድያ መርሳንና ውርጌሳን አልፎ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አበምኔቱ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን፣ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832 ተብሏል። እንዲህ ያለ ወንጌል ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ፊደሉን መጻፍ ቀላሉ ሥራ ነው። ክፍፍሉ ነው የሚያስቸግረው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል የተባለው የጽሑፍ ምልክት ማድረጊያ ቋንቋ አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲገባ ያስገድዳል፤ ቃል በቁጥር፣ ቁጥር በምዕራፍ። ቁም ጸሐፊ ግን መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን ከመካከል ይቆርጠዋል። መስመሩ የቅጠሉ መጨረሻ ከሆነ ግማሹ በዚህ ቅጠል፣ ግማሹ በሚቀጥለው ይቀራል። በዚያ ላይ የቂሳርያው አውሳብዮስ ማቴዎስን በ355 ክፍል የከፈለበት፣ ቁጥሩም በኅዳግ የሚጻፍ ሥርዓት አለ፤ ከ28ቱ ምዕራፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ግጻዌው ለየዕለቱ ቅዳሴ የሚመድበው ንባብም የሚጀምርበትና የሚያበቃበት የራሱ ቦታ አለው።

የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ‹ቤተ መጻሕፍት› ፕሮጀክት የሚሠራበት ቲ.ኢ.አይ. የተባለው፣ በኤክስኤምኤል ላይ የቆመ የጽሑፍ አመዘጋገብ ደንብ ለዚህ የታወቀ መፍትሔ አለው፦ ምዕራፉ እንደ ሣጥን ይቀመጣል፣ ቅጠሉ ግን በሚጀምርበት ቦታ ባዶ ምልክት ብቻ ይደረግለታል። ፋይሉ አንድ ነው፤ ተማሪም ከፍቶ ያነበዋል። ሆኖም ምዕራፉ ጌታ፣ ቅጠሉ ሎሌ ይሆናል። ዛሬ የምናውቀው የምዕራፍ አከፋፈል አውሮፓ ውስጥ የተሠራው በዚያው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የሐይቁ ቁም ጸሐፊ አላሰበውም። ቅጠሉ ተናቀ የሚሉት የብራና አጥኚዎች ቅሬታ እዚህ ላይ እውነት አለው።

ሌሎች ጽሑፉን ንጹሕ ትተው እያንዳንዱን ክፍፍል በየራሱ ፋይል፣ «ከዚህኛው ፊደል እስከዚያኛው» እያሉ ይመዘግባሉ። ሁሉም እኩል ይሆናል፤ በሥርዓት ረገድ ይህ ይበልጣል። ግን ገልባጩ የዘለላት አንዲት ፊደል ስትጨመር ከእርሷ በኋላ ያለው ቆጠራ ሁሉ ይዛባል። በቃላት ላይ መለያ ቁጥር ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ከመካከሉ ለተቆረጠው ቃል ግን ብቻውን አይበቃም።

የግእዝ ግልባጭ ገና ብዙ እርማት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዛሬ ባዶ ምልክቱን እመርጣለሁ፤ የኅዳጉን የአውሳብዮስ ቁጥርም በዚያው መንገድ፣ የግጻዌውን ክፍል ግን ጽሑፉ ከጸና በኋላ በተለየ ፋይል።

በየጁ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት የምትገለብጡ ሁሉ፣ አደራ፣ የተቆረጠውን ቃል ዝም ብላችሁ አትግጠሙት። የቅጠሉንና የዓምዱን መጨረሻ በዚያው ቦታ ጻፉት፤ እሱ ከጠፋ በየትኛውም ዘዴ ከግልባጩ ተመልሶ አይገኝም።