ጥናቱ ተጠናቋል፤ ሕክምናውስ የታለ?

ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ዓለም አቀፍ ትብብርና ስለ ሕዝብ ጤና የፓርቲያችን አቋም

የተከበራችሁ የደምበጫ ከተማና የአካባቢዋ መራጮች፣

በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ መብራትና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ይነገራችኋል። እኛም በዚህ ማኒፌስቶ ሌሎች ክፍሎች አቋማችንን ገልጸናል። በዚህ ክፍል የምናነሳው ግን የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በሕክምና ትምህርትና ምርምር ስለሚያደርጉት ትብብር ነው። ነገሩ የምሁራን ብቻ ይመስላል። አይደለም። በገበያ ቀን እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በደጃችሁ የሚያልፈው ሰው ጉዳይ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት የደምበጫን ስም በዓለም የሕክምና መጽሔት ላይ አስፍሯል። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች በዕጣ በተመረጡ 20 ቀበሌዎች ቤት ለቤት ዞሩ። 17,553 ቤተሰቦችን ጎበኙ። 1,704 ሰዎች እግራቸው በዝሆኔ አብጦ አገኟቸው። ይህም ከመቶ ሰው ከሦስት በላይ መሆኑ ነው። ከታማሚዎቹ 87 በመቶ የሚሆኑት ከ15 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው፣ ማለትም አርሰው፣ ነግደውና ሠርተው ቤት የሚያስተዳድሩ ነበሩ። በአማካይ በዓመት አምስት ጊዜ ሕመሙ ይነሳባቸዋል፤ በድምሩ 90 ቀን በዚሁ ሲሰቃዩ ይከርማሉ። ገበሬው በእርሻና በአጨዳ ወራት ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ቢቀር የቤተሰቡ ጎተራ ምን እንደሚመስል ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ በሽታ ሊቃውንቱ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ይለያል። እርግማን አይደለም፤ መጋኛም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው እሳተ ገሞራ የተወው የደጋችን ቀይ አፈር ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው እግርን ያሳብጣሉ። በ2004 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ ታማሚዎች በተወሰደ ናሙና፣ ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ በዘር ሊወረስ እንደሚችል አሳይቷል። «በቤታቸው ዝሆኔ አለ» እየተባለ ልጃገረድ የምትቀርበት፣ ጋብቻ የሚፈርስበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው። ጫማ ያደረገ፣ እግሩን የታጠበ ልጅ አያቱ የታመመችውን በሽታ ላይታመም ይችላል።

መታከሙስ ይቻላል? ይህንንም የመለሰው የዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ነው። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታማሚዎች የተካፈሉበት ሙከራ ተካሂዶ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታትሟል። ሕክምናው እግርን በሳሙናና በረኪና በተበረዘ ውኃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕክምናውን ያገኙት ላይ ሕመሙ የሚነሳበት ጊዜ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ለዚህ ውድ መሣሪያም ሆነ ወደ ውጭ አገር የሚያስኬድ ሕክምና አላስፈለገም።

እንግዲህ የፓርቲያችን ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል። ታማሚው ተቆጥሯል፤ መንስኤው ታውቋል፤ መድኃኒቱም በገዛ አፈራችን ላይ ተፈትኗል። መንግሥት በ2005 ዓ.ም. ይህን በሽታ ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ ማስገባቱን አንክድም፤ መልካም እርምጃ ነበር። ሆኖም በአገር አቀፍ ደረጃ የታማሚዎቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። ይህን ያህል ሕዝብ በዕቅድ ሰነድ ብቻ አይታከምም። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ፣ «የዝሆኔ ታማሚ ቢመጣ በረኪና፣ ቅባትና ፋሻ ዓመቱን ሙሉ ይሰጠዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የታማሚውን መንገድ የባሰ አርዝሞታል።

አንዳንድ ወገኖች «የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡት በእኛ ሕመም ዲግሪ ሊጭኑ ነው» ይላሉ። ፓርቲያችን በዚህ አይስማማም። ትብብር ባይኖር ኖሮ የ1,704ቱን ወገኖቻችንን ሕመም በቁጥር ማወቅ ባልተቻለ ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘዋል፤ በደርግ ዘመን የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመርበት በምሥራቅ ጀርመን የሚገኘው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎችን ልኳል። ብዙዎቻችንን ያከሙን ሐኪሞችና የጤና መኮንኖች የዚያ ፍሬ ናቸው። ጥያቄው እንግዳው ሲሄድ ምን ይቀራል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ኢትዮጵያ ከ70 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝቧ የነበሯት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ አልተመለሱም። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ነገሩን ገለበጠው። ተማሪው እዚሁ ይቀመጣል፤ የካናዳ አስተማሪዎች በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያስተምራሉ። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ1998 ዓ.ም. ወጡ፤ በተራቸውም አስተማሪ ሆኑ። ሥራው በኋላ ወደ ሌሎች የሕክምና ዘርፎች ተስፋፋ። ይህ ትብብር አስተማሪ ትቶ የሚሄድ ነው።

ያም ሆኖ አስተማሪውን የምናቆየው እኛ ነን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቤት ኪራዩን መክፈል ያቃተውን ሐኪም የቶሮንቶም የብራይተንም ትብብር ሊያቆይልን አይችልም።

በሕግ ዓይን ሲታይ ስምምነት የሁለት ወገን ግዴታ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4፣ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የውጭው ዩኒቨርሲቲ ዕውቀቱን ካመጣ፣ የታመመው ዜጋ እግሩን ካስመረመረ፣ ሦስተኛው ወገን መንግሥት ድርሻውን የማይፈጽምበት ምክንያት የለም። እውነቱን ለመናገር እኛም ቀደም ሲል ባወጣናቸው ሰነዶች ጤናን በአንድ አንቀጽ ብቻ አልፈነዋል። ያንን ጉድለት ዛሬ እናርማለን።

ስለሆነም ፓርቲያችን ቢመረጥ የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

አንደኛ፣ ማንኛውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አቻው ጋር የሚፈራረመው የሕክምና ትብብር ውል ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፣ በውሉም ስንት ኢትዮጵያውያን አስተማሪዎችና ተመራማሪዎች እንደሚሠለጥኑ በግልጽ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ሕግ እናወጣለን።

ሁለተኛ፣ ጥናት የተካሄደበት ቀበሌ ሕዝብ ውጤቱን በአማርኛ፣ በሌሎች አካባቢዎችም በየቋንቋው፣ በስብሰባ የመስማት መብት እንዲኖረው እናደርጋለን።

ሦስተኛ፣ ጠቃሚነቱ በጥናት የተረጋገጠ ሕክምና የጥናቱ ገንዘብ ሲያልቅ በወረዳ በጀት ራሱን የቻለ አርዕስት ይኖረዋል። የመጀመሪያው የዝሆኔ ሕክምና ነው፤ ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆችም ጫማን ይጨምራል።

አራተኛ፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በዚህ በሽታ ሕክምናና ምርምር እንዲመራ አቅም እንሰጠዋለን፤ የውጭ አጋሮችም የቶሮንቶን አርአያ ተከትለው ወደዚያው መጥተው እንዲያስተምሩ እንጋብዛለን።

አምስተኛ፣ ከከተማ ርቀው ለሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች የመኖሪያ ቤትና የደመወዝ ማሻሻያ እናደርጋለን።

የተከበራችሁ መራጮች፣

የገጠር ዘመዱን እግር ያላየ፣ ወይም ያንን እግር የያዘ ሰው ከሰው ርቆ ሲቀመጥ ያልታዘበ የደምበጫ ነዋሪ ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ያነጋገሯቸው ታማሚዎች ሩብ የሚሆኑት በዚያች ሰዓት ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ከእነሱም ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሴቶች ናቸው። እነዚህ እናቶች በር ከፍተው እንግዳ አስገብተዋል፤ እግራቸውን አሳይተዋል፤ የተጠየቁትን መልሰዋል። የእነሱ ድርሻ ተፈጽሟል። ቀሪው የመንግሥት ነው፤ መንግሥትን የምትመርጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ማንም ዕጩ ድምፅ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ፣ የእኛ ዕጩም ቢሆን፣ «ለእነዚያ ለተቆጠሩት ሰዎች ምን በጀት ይዘሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ያለውን ምረጡ። የእኛ መልስ ከላይ ተጽፏል፤ ልትጠይቁን እንድትችሉም በጽሑፍ አስቀምጠነዋል።