ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን ጠይቁ

ነቀምቴ ላይ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ሻማ አይደለም፤ መኪና ያለው ሰው ነው። የጎረቤቱ ስልክ፣ የተማሪው ላፕቶፕ፣ የሱቁ ቴሌቪዥን ሳይቀር ወደ መኪናው ሶኬት ይመጣል። ጊምቢም፣ ነጆም፣ ሻምቡም፣ ደምቢ ዶሎም ያው ነው። ፊንጫ ለአገሪቱ ኃይል ማመንጨት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያለውም እዚሁ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ውስጥ ነው። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ ከማመንጫው እስከ ቤታችን ድረስ ለምን ሳይቆራረጥ እንደማይደርስ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ዛሬ የማነሳው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፦ የመኪናውን ሁለተኛ ባትሪ።

ሁለተኛ ባትሪ ስል ሞተር ከሚያስነሳው ሌላ፣ ለተጨማሪ ዕቃዎች ተብሎ የሚገጠመውን ማለቴ ነው። ውጭ አገር አልጋና ምድጃ ተገጥሞላቸው ሰው ወር ሙሉ የሚኖርባቸው መኪኖች አሉ፤ ማቀዝቀዣቸውም መብራታቸውም በዚህ ባትሪ ነው የሚሠራው። እኛ ጋ ለሽርሽር የሚገጥመው የለም። ሞንታርቦ ጭኖ ማስታወቂያ የሚያስነግረው፣ ቴሌቪዥን የገጠመው አባዱላ፣ ለመስክ ሥራ የሚወጣው ላንድክሩዘር፣ ከጭነቱ ጋር ጋቢና ውስጥ የሚያድረው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አምቡላንስ፤ ችግሩ የእነዚህ ነው።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። በእኛ ከተሞች "ሞቷል" እየተባለ ከሚጣለው ባትሪ ብዙው በራሱ አልሞተም፤ የገደለው አገጣጠሙ ነው። እኛ ግን ገዳዩን እዚያው ትተን አዲስ ባትሪ እንሰጠዋለን።

አንድ የማውቀው የአባዱላ ሹፌር በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ቀየረ። ሁለቱንም ጊዜ የተሰጠው ምርመራ አንድ ነበር፤ ባለሙያው መብራቱን አብርቶ አየና "ባትሪህ ወድቋል፣ ቀይረው" አለው። ቴስተር የሚባል ነገር አልወጣም። ሦስተኛውን ሊገዛ ሲል አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን "ልጄ፣ ባትሪውን ተወውና ና ይቺን ገመድ ያዛት" አሉት። ኢንቨርተሩ እየሠራ ነበር። ገመዷ ትፋጃለች። በቀጭን ገመድ ብዙ አምፔር ሲያልፍ ኃይሉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ኢንቨርተሩም የሚደርሰው ቮልት ሲያንስ ይጮህና ይጠፋል። ከውጭ ለሚያይ ግን ልክ ባትሪ ያለቀ ይመስላል። በዚያ ላይ ኔጋቲቩ ገመድ የታሰረው ቀለም በተቀባና ዝገት በያዘ ብረት ላይ ነበር። አዛውንቱ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ገመዱን በወፍራም ቀየሩት፤ ባትሪው እስካሁን ይሠራል። ወለጋ ዝናቡ የበዛ አገር ነው፤ እንዲህ ያለው መገናኛ በየክረምቱ መታየት አለበት።

ይህን ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ቴስተርም ከባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ዕቃ አይደለም። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ ባትሪው ላይ ስትለኩ 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው፣ 12.2 ገደማ ግማሽ ነው፣ ከ12 ከወረደ ተርቧል። ቀጥላችሁ ሞተሩን አስነሱ። ዋናው ባትሪ ላይ 14 ገደማ እያነበበ ሁለተኛው ላይ 12.3 ብቻ ካገኛችሁ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሪሌ ወይም ፊውዝ ወይም ገመድ ተቋርጧል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ ብታስሩ እሱም በሳምንቱ ይራባል። ሶኬቱን ደግሞ ባዶውን አትለኩት፣ ባዶ ሶኬት ይዋሻል። ዕቃው እየሠራ ለኩና ባትሪው ላይ ካለው ጋር አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው። አንዳንድ ሶኬት ቁልፍ ሲዞር ብቻ እንደሚሠራም አትርሱ፤ በዚህ ብቻ ጋራዥ የሄደ ሰው አውቃለሁ።

ፊውዝ ላይ ያለን ጠባይ ግን ያናድደኛል። የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ፊውዝ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው። 15 አምፔር በ12 ቮልት ሲባዛ 180 ዋት ነው። እዚያ ላይ 500 ዋት የተጻፈበት ኢንቨርተር ሰክቶ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ የሚያስነሳ ሰው ፊውዙ ቢቃጠል ምን ይገርመዋል? ፊውዙ ሥራውን ነው የሠራው። እኛ ግን በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልለን እንመልሰዋለን። ከዚያ በኋላ ተራው የገመዱ ነው፤ ገመዱ ደግሞ የሚያልፈው ከወንበሩ ሥር፣ ከምንጣፉ በታች፣ አንዳንዴም ከነዳጅ መስመር አጠገብ ነው። ከባድ ዕቃ የራሱ ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ይሳብለት፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ሌላው አደጋ ባትሪውን ተሳፋሪ ከሚቀመጥበት ወንበር ሥር መክተት ነው። የባትሪ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ውስጡ ያለው አሲድም ሲገለበጥ ሥጋ ይበላል። ውስጥ መግባቱ ግድ ከሆነ የታሸገ ዓይነት ይገዛ፣ ይታሰር፣ አየር ይኑረው።

ሁለቱን ባትሪዎች ያለ ሪሌ በቀጥታ ማያያዝም የተለመደ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ቴሌቪዥኑ ሌሊቱን ሁለቱንም ይጠጣቸውና ጠዋት ሞተሪኖው "ጠቅ" ብሎ ዝም። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚያስቆጣ ነገር ብቻ ነው፤ አምስት ሰው ጠርቶ ማስገፋት ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ለሚሄድ ሰው ግን ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት እነዚህን መንገዶች በቀን ጨርሶ መግባት ግዴታ የሆነበት ጊዜ ነበር። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የተነሳ መኪና ሲመሽ የት እንደሚደርስ የአካባቢው ሰው ያውቃል። በአምቡላንስ ሲሆን ደግሞ የምትጠብቀው ምጥ የያዛት እናት ናት።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚመጣ የመኪና ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሹፌር ለሆነ ሰው አይነገረውም። ደግሞም ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ለሌሊት ቴሌቪዥን አልተሠራም፤ ሳህኖቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ደጋግሞ ባዶ ሲሆን ያልቃል። ስሌቱን እዩት፦ 70 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 420 ዋት ሰዓት ነው። 120 ዋት የሚበላ ዕቃ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተቀንሶ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ለሶላር የሚሆነውን ዓይነት ይግዛ፤ ሲገዙት ቢወደድም ሁለት ጊዜ ከመቀየር ይረክሳል።

ለዚህ ሁሉ ሹፌሩን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ባትሪ የሚሸጠውና "ሞቷል" ብሎ የሚፈርደው አንድ ሰው ሲሆን፣ አሮጌውንም በእርሳሱ ዋጋ የሚወስደው እሱው ሲሆን፣ ፍርዱ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ስለዚህ ሳይለካ ቀይር ለሚል ባለሙያ "ቁጥሩን አሳየኝ" በሉት፤ መብታችሁ ነው። በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ፍሬንና መብራት ሲታይ አይቻለሁ፤ በኋላ የተጨመረ ገመድና ፊውዝ ሲታይ ግን አላየሁም። ቢያንስ ለሕዝብ ማመላለሻና ለአምቡላንስ ይህ አንድ መስመር ሆኖ ቅጹ ላይ ይግባ። መርማሪው ወንበሩን አንስቶ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

"የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፣ ይህ ሁሉ ያልፋል" የሚሉ ይኖራሉ። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ነቀምቴ ያሉት አሮጌ መኪኖች ብዙ ዓመት መቆየታቸው አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪናውም ቢሆን ከትልቁ ባትሪው ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው፤ እሷ ከወደቀች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም፣ አንዳንዱም በሩን በወጉ አይከፍትም።