ሳይለኩ መቀየር

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በአዲስ አበባ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ ያረጀ ፒክአፕ ሲያቃስት መስማት የተለመደ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሪኖው እየተጎተተ አንድ ሁለቴ ዞሮ ይደክማል፣ የግቢ ዘበኛውና መንገደኛው ተጠርተው ይገፋሉ። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፦ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው!» አዲስ ባትሪ ገብቶ ካልተሻለው ሞተሪኖው ይቀየራል፤ ያም ካልሆነ ዲናሞው፣ ቀጥሎ ካንዴሌታው፤ በመጨረሻ «ሞተሩ ደክሟል፣ መውረድ አለበት» ይባላል። ይህ በባለቤቱ ገንዘብ የሚካሄድ የግምት ሥራ ነው፤ ምርመራ ሊባል አይገባም። ባትሪ አይሞትም ብዬ አልከራከርም፤ ይሞታል። የምቃወመው ሳይለኩ መፍረድን፣ ይልቁንም ይህ አሠራር ልምድ ተብሎ መከበሩን ነው።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው አሮጌ ፒክአፕ ዛሬ ለባለቤቱ ምን እንደሆነ ያስብ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የዶላር ምንዛሪ ከእጥፍ በላይ ወጣ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮት ወጣ። ስለዚህ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራው ሃይሉክስ፣ ሲንግል ጋቢናም ይሁን ደብል፣ ገና ብዙ ዓመት ሲሚንቶና አትክልት ይጭናል፤ ከሱም የሚተዳደር ቤተሰብ አለ። በግምት የሚቀየር እያንዳንዱ ዕቃ የሚከፈለው ከዚያ ቤተሰብ ጉሮሮ ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር ያለ ምንም መሣሪያ በጆሮ ይለያል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው? ወይስ በደንብ እየዞረ ነው መነሳት የሚያቅተው? ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ በኤሌክትሪኩ መስመር ላይ ነው፣ ካልሆነም ሞተሩ ራሱ ለመዞር ከብዶታል፤ ጭስ ለመቀነስ ተብሎ ከተገቢው የወፈረ ዘይት የተሞላበት አሮጌ ሞተር በብርድ ማለዳ ሞተሪኖውን እንደሚያደክመው ማለት ነው። በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪው የሚጠበቅበትን ሠርቷል፤ መታየት ያለበት ካንዴሌታው፣ የናፍጣው መስመርና ኮምፕሬሽኑ ነው። ብዙ ባለመኪና ለሁለቱም «ቶሎ አይነሳም» ብሎ ይናገራል፣ ብዙ ጋራዥም ሳይጠይቅ ለሁለቱም ያንኑ መድኃኒት ያዛል።

ቀስ ብሎ የሚዞረውን እንውሰድ። በደንብ ቻርጅ የሆነ ጤነኛ ባትሪ አድሮ ጠዋት ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል። ይህን የሚለካ መካኒክ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ግን ልኬቱ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ዋናው ጥያቄ ደግሞ የሚጀምረው ቁልፉ ሲዞር ነው። ሞተሪኖው በሚሠራበት ሰዓት የባትሪው ቮልት ከ9.6 በላይ ቆሞ ሞተሩ ግን እየተጎተተ ከሆነ፣ ኃይሉ መንገድ ላይ ወይም ሞተሪኖው ውስጥ እየቀረ ነው። መንገዱን ለመፈተሽ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ገመዱ ሞተሪኖው ላይ በሚታሰርበት ብሎን ላይ አድርጎ ቁልፉን ማስዞር ይበቃል። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ማያያዣው ታሟል። በማሳው በኩልም እንዲሁ ነው፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ከ0.2 ቮልት ብዙ ከበለጠ የማሳው ገመድ ተፈትቶ ይታይ። ሒሳቡ ለማንም ግልጽ ነው። ሞተሪኖው 200 አምፔር ሲስብ አንድ የሻገተ ማያያዣ 0.01 ኦም ብቻ ቢያስቸግረው 2 ቮልት እዚያው ይቀራል። 2 ቮልት በ200 አምፔር ማለት 400 ዋት ነው፤ ማያያዣው በእጅ ሲነካ እስኪያቃጥል የሚግለው ለዚህ ነው። መካኒኩ ያንን ገመድ ነቅሎ በቴስተር ነካክቶ ድምፅ ሲያሰማለት «ገመዱ ደህና ነው» ይላል። ቴስተሩ ግን በዚህ መንገድ 0.01 ኦምን ለይቶ ማየት አይችልም፤ ከብዙ የመዳብ ክሮች አንዱ ብቻ ሳይበጠስ የቀረለት ገመድም ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ገመድ የሚፈተነው ሸክም ላይ እያለ ነው።

እዚህ ላይ ለባትሪ ቀያሪው የሚቀርበውን ጠንካራ መከራከሪያ ልመልስ። «ባትሪ ስንቀይር መኪናው ይነሳል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» ይባላል። እውነት ነው፣ ይነሳል። የሚነሳው ግን አዲሱ ባትሪ ሙሉ ጉልበት ስላለው፣ በታመመው ማያያዣ ላይ ሁለት ቮልት ከስሮም የሚተርፈው ስላለ ሊሆን ይችላል። ማያያዣው ይበልጥ ሲሻግት፣ ወይም ዲናሞው 14 ቮልት አካባቢ መስጠት ሲገባው 13 ላይ ቀርቶ ባትሪውን ሳይሞላው ሲከርም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ማቃሰት ይመለሳል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሻጩ ይሆናል፤ «ፎርጅድ ነው የሸጡልህ» ይባላል። እንዲህ ያለው አሠራር ስህተቱን የሚያይበት ዓይን የለውም። መኪናው ሲነሳ ግምቱ ትክክል ነበር ይባላል፣ ሳይነሳ ሲቀር ዕቃው መጥፎ ነበር ይባላል፣ መካኒኩም ከሁለቱም የሚማረው የለም። ገና የሚሠራው ባትሪ ለቆራሌው ይሰጣል፤ ውስጡ ያለው እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፣ ቆሻሻ ሆኖም የሚቀረው በእኛው አፈር ላይ ነው።

በደንብ እየዞረ የማይነሳው ናፍጣ ሞተር ዘንድ ግምቱ የባሰ ዋጋ ያስከፍላል፤ እዚህ አገሩ ራሱ ነገሩን ይለውጠዋልና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየሩን አፍኖ በማጋል ስለሆነ ከጅምሩ የሚታፈነው አየር ያነሰ ነው፤ የማለዳው ብርድ ይጨመርበታል። በዚህ ምክንያት በሃይሉክሶቹ 2ኤል እና 3ኤል ሞተሮች ላይ አራቱም ካንዴሌታዎች መሥራታቸው ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል። ሁለቱ ቢቃጠሉ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ከተነሳም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። እያንዳንዱን ነጥሎ መለካት ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ካንዴሌታዎቹ ደህና ከሆኑ የናፍጣው ማጣሪያ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ደጋግሞ ተጭኖ ማስነሳት ነው፤ ያኔ ወዲያው ከተነሳ ሌሊቱን በመስመሩ አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ታንከሩ ተመልሷል፣ ችግሩም አንዲት የላላች ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀች ጎማ ልትሆን ትችላለች። ይህ ሁሉ ሳይታይ ኮምፕሬሽን ተለክቶ ከሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ቁጥር ጋር ይነጻጸርና ሞተሩ ይወገዛል። በባሕር ጠለል 30 ኪሎ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ግን እዚህ ወደ 23 ቢወርድ አልታመመም፤ የወረደው አየሩ ነው። እዚህ ከተማ ይበልጥ የሚናገረው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ነው። በዚህ አንድ ስህተት መታደስ የማያስፈልገው ሞተር ሊወርድ ይችላል፤ ከባትሪ ጋር ሲነጻጸር የወጪው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው።

«ተገፍቶ እስከተነሳ ድረስ ምን አለበት?» የሚለውንም በቀላሉ አላልፈውም። ቁልቁለት ላይ አቁሞ ማደር በዚህ ዳገታም ከተማ መላ ሆኗል። ነገር ግን ሞተሩ ሳይነሳ የሚንከባለል ፒክአፕ የፍሬን ረዳቱ ከአንድ ሁለት ጊዜ ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ ፓወር መሪ ካለውም መሪው ይከብዳል፤ ያ ሰዓት ደግሞ ተማሪዎች ቦርሳ አዝለው መንገዱን የሚሞሉበት ሰዓት ነው። ቤንዚን የነካ ጨርቅ ወይም ስፕሬይ አየር ማስገቢያው ላይ ማስጠጋትማ፣ ካንዴሌታ ባለው ሞተር ላይ ያለጊዜው አፈንድቶ ፒስቶንና ቀለበት ሊሰብር የሚችል ነውና መላ ሊባል አይገባውም።

«መሣሪያ የለንም» የሚለው መልስ ለትልልቅ ምርመራ ይሠራ ይሆናል፣ እዚህ ግን አይሠራም። ከኮምፕሬሽኑ በቀር ከላይ ያልኩት ልኬት ሁሉ በአንድ ተራ ቴስተር ያልቃል። ቴስተርም ባይኖር የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማስዞር ይቻላል። መብራቱ ጭልም ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከልኩ በላይ እየሳበ ነው፤ መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ብቻ ከተጎተተ ወደ ገመዱ፣ ወደ ማያያዣውና ሞተሪኖው ውስጥ ወዳሉት የመዳብ መገናኛዎች መሄድ ነው። እነዚያ መዳቦች ሲበሉ ሙሉ ሞተሪኖ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ማምጣት አያስፈልግም፤ ለብቻቸው ይቀየራሉ። «ልምድ ያለው ጆሮ ይበቃል» ለሚሉትም፣ ጆሮ ቀስ ማለቱን እንጂ ለምን ቀስ እንዳለ አይሰማም እላለሁ። የተግባረ ዕድና የሌሎች ማሠልጠኛዎች ተመራቂዎች ልኬቱን ተምረውት ይወጣሉ፤ ጋራዥ ሲገቡ የሚያገኙት ግን የሚለካ ሰው ጊዜ እንደሚያባክን የሚታይበትን ቦታ ነው።

ለዚህ ደግሞ ዋናው ተጠያቂ መካኒኩ አይመስለኝም። እኛ ባለመኪኖች ለዕቃና ዕቃ ለማሰር እንከፍላለን፣ ችግሩን ለማወቅ ግን አንከፍልም። ግማሽ ሰዓት ለክቶ፣ አንድ ማያያዣ በአሸዋ ወረቀት ጠርጎ፣ አጥብቆ አስሮ መኪናውን ያዳነ መካኒክ «ምን ሠርተህ ነው ይህን ያህል የምትጠይቀው?» ይባላል። ባትሪና ሞተሪኖ የቀየረው ግን ሥራው በዓይን ስለሚታይ ያለ ጭቅጭቅ ይከፈለዋል። በዚህ ዓይነት ክፍያ የሚኖር ሰው ለምን ይለካል? ጋራዦች ለምርመራ ብቻ የሚጠየቅ፣ አስቀድሞ የተነገረ ዋጋ ይለጥፉ። ባለመኪናውም ዕቃ ይቀየር ከማለቱ በፊት ባትሪው አድሮ ስንት እንዳሳየ፣ ቁልፉ ሲዞር ስንት ላይ እንደወረደ፣ በፖዘቲቩና በማሳው በኩል ስንት እንደቀረ በወረቀት ይጻፍልኝ ይበል። ደንበኛ ይሸሻል ብሎ የሚፈራ ጋራዥ ይኖራል፤ የተጻፈ ቁጥር ያየ ባለመኪና ግን ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ያንን ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው፣ መካኒኩም ያለፈውን ልኬት ከዛሬው ጋር አስተያይቶ ምን እንደተበላሸ በቀላሉ ያውቃል።